እጀታ ውስጥ ያደሩ ፑንታዎች

በአናጢ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋው ዕቃ መዶሻው ወይም መጋዙ አይደለም፤ ቀጭኗ ፑንታ ናት። ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ብረት አንዴ ሰጋቱራ ውስጥ ከወደቀች ፍለጋው ከሥራው ይረዝማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የነበሩ መሣሪያ ሠሪዎች ለዚህ ችግር አንድ መልስ ይዘው ገበያ ወጡ፤ ፑንታዎቹ በመሰርሰሪያው እጀታ ውስጥ ይደሩ አሉ። ሲሰሙት ቀላል ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ቀዳዳ መብሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ ሙያ ሆኖ ሳለ ይህ መልስ እስከዚያ ድረስ የዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም። ፑንታ እንዲጠፋ መጀመሪያ ከመሣሪያው መላቀቅ ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመሰርሰር ሙያ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ከሚመሰክሩት ሁሉ የሚያስደንቀው በዛሬዋ ፓኪስታን፣ በባሉቺስታን ግዛት፣ መህርጋር በተባለ ቦታ የተገኘው ነው። በ2006 በኔቸር መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳስታወቀው፣ በስፍራው ከተቀበሩት መካከል የ9 ሰዎች 11 መንጋጋ ጥርሶች በሕይወት ሳሉ ተሰርስረዋል። ዕድሜያቸው ከ7,500 እስከ 9,000 ዓመት ይገመታል። የመንደሩ ነዋሪዎች ዶቃ ሠሪዎች ነበሩ፤ አጥኚዎቹም የጥርስ ሥራው ከዶቃ ብስ ሙያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ባዮች ናቸው። የባልጩት ጫፍ ያለው መሰርሰሪያ በቀስት እያዞሩ ሲሞክሩት የሰው ጥርስ ለመብሳት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ቀስቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ክሩ በመሰርሰሪያው ዘንግ ላይ አንድ ዙር ይጠመጠማል፣ ቀስቱ ወደፊትና ወደኋላ ሲሳብ ዘንጉ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ግራ ይሾራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሹም የነበረው የሬኽሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ይህንኑ የሚሠሩ አናጢዎች ተሥለዋል። አንዱ የወንበር አካል እየበሳ ነው። እዚያው ዶቃ ሠሪዎችም ይታያሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ቀስት ብዙ ዘንጎችን አንድ ላይ ሲያሾር የሚያሳየው ሥዕል ሙያው የት ደርሶ እንደነበር ይናገራል።

የቀስት መሰርሰሪያ አንድ ጉድለት አለበት። ግማሹ ጉዞ ወደ ኋላ ነው፤ ለትልቅ ቀዳዳ የሚሆን ጉልበትም አይሰጥም። አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅ ያለው ባለ ክርን መሰርሰሪያ ለዚህ መልስ ሆነ። መሐሉ እንደ ክርን ወደ ጎን የታጠፈ ነው፤ አናጢው አናቱን በደረቱ ወይም በመዳፉ ተጭኖ ክርኑን ሲያዞር ፑንታው ያለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሽከረከራል። በሮበርት ካምፒን ወርክሾፕ ከ1427 እስከ 1432 ባለው ጊዜ እንደተሣለ የሚታመነውና አሁን በኒው ዮርክ ክሎይስተርስ ሙዚየም የሚገኘው የሜሮድ መሠዊያ ሥዕል ላይ ቅዱስ ዮሴፍ በዚሁ መሣሪያ ጣውላ ሲበሳ ይታያል። ሠዓሊው መሣሪያዎቹን በጥንቃቄ ስለሠራቸው ዛሬ የመሣሪያ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሥዕሉን እንደ ሰነድ ይጠቅሱታል።

ይህ መሰርሰሪያ ለረጅም ዘመን ከፑንታው ጋር እንደ ተጋቡ ባልና ሚስት ኖሯል። እያንዳንዱ ፑንታ በራሱ የእንጨት ሶኬት ላይ ተቸንክሮ ይቀመጥና ሶኬቱ እንዳለ መሣሪያው ላይ ይሰካል፤ ወይም ደግሞ ለየፑንታው የተለየ መሰርሰሪያ ይሠራል። አናጢው ስድስት ልክ ቀዳዳ ከፈለገ ስድስት ጉማጅ እንጨት ይሸከማል። ከባድ ነው፣ ቦታ ይፈጃል፣ ግን ቡጢ የሚያህል እንጨት ሰጋቱራ ውስጥ አይጠፋም።

ጋብቻው የፈረሰው በ1860ዎቹ ነው፤ ያፈረሱትም ሁለት ፈጠራዎች ናቸው፣ አንዱ መያዣው፣ ሌላው ፑንታው።

ስለ ፑንታው ብንጀምር፣ እስቴፈን ሞርስ የተባለ የማሳቹሴትስ መካኒክ በ1863 ጥምዝ ቦይ ያለውን ፑንታ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀጫጭን ፑንታዎች በአብዛኛው ጠፍጣፋ ወይም ቀጥ ያለ ቦይ ያላቸው ነበሩ። ጥምዙ ቦይ ብናኙን እየጠረገ ወደ ላይ ስለሚያወጣ ቀዳዳው አይታፈንም፣ ፑንታውም ቶሎ አይግልም። ሞርስ በዓመቱ ያቋቋመው ኩባንያ ኒው ቤድፎርድ ከተማ ገብቶ እነዚህን ፑንታዎች በየልካቸው በብዛት ማምረት ያዘ። ከእንግዲህ ፑንታ ከአንጥረኛ የሚታዘዝ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ከሱቅ በልክ የሚገዛ ሆነ።

መያዣው ደግሞ የዊልያም ባርበር ሥራ ነው፤ ፓተንቱ የ1864 ነው። ባርበር ያሰበው ሁለት የብረት መንጋጋ በውስጡ የያዘ፣ ውስጡ ፊሌቶ ያለው ክብ ሽፋን ነበር። ሽፋኑን በእጅ ሲያጠብቁት መንጋጋዎቹ ተጠጋግተው የገባውን ማንኛውንም ብረት ይነክሳሉ፤ ሲያላሉት ይለቃሉ። መፍቻ አይፈልግም፣ የእንጨት ሶኬት አይፈልግም። አንድ መሣሪያ ለሁሉም ፑንታ በቃ። የዛሬው ድሪል አፍም ከዚሁ የዘር ሐረግ የመጣ ነው።

የባርበርን መብት የገዙት ሌቪ ገን እና ቻርልስ አሚደን የተባሉ፣ በዚያው በማሳቹሴትስ የግሪንፊልድ ከተማ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በ1868 ፋብሪካቸው በእሳት ወደመ። ሰዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ግራውትስ ኮርነር ትባል ወደነበረች መንደር ሄደው በሚለርስ ወንዝ ጉልበት የሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተከሉ። መንደሯም ኩባንያውም ሚለርስ ፎልስ ተባሉ። በእጅ የሚዞሩ መሰርሰሪያዎች ታሪክ ሲነሳ ይህ ስም ከማንም ቀድሞ ይጠራል፣ ይገባዋልም።

አሁን እንግዲህ ፑንታው ተላቀቀ። ቀጭን፣ ርካሽ፣ ብዙ ሆነ። የትም ሊወድቅ የሚችል ሆነ። በዚያው ዘመን የቀጭን ቀዳዳ ፍላጎትም ጨመረ። ቶማስ ስሎን በ1846 ጫፈ ሹል የእንጨት ቪቴ የሚያመርት ስልት በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ ቪቴ በፋብሪካ በገፍ ይወጣ ነበር፤ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ ሁሉም በቪቴ መታሰር ጀመረ። ቪቴ እንጨቱን ሳይሰነጥቅ እንዲገባ ደግሞ አስቀድሞ ከእርሱ የቀጠነ ቀዳዳ ይበሳለታል። አናጢው ቀኑን ሙሉ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሲበሳ ይውላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከወርክሾፑ ርቆ፣ በሰው ቤት፣ መሰላል ላይ ሆኖ።

ውስጠ ክፍት እጀታ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ወስፌ፣ ትንንሽ መሮና ካቻቢቴ በውስጡ የሚያድሩበት፣ እንደ አስፈላጊነቱ አንዱን አውጥቶ ጫፉ ላይ የሚሰካበት የእንጨት እጀታ በአሜሪካ ሱቆች ይሸጥ ነበር፤ ሚለርስ ፎልስም ሮዝውድ ከተባለ እንጨት እየተሠራ የሚያምረውን ዓይነት ያመርት ነበር። የመሰርሰሪያ ንድፍ አውጪዎች የተዋሱት ከዚህ ነው። በሚለርስ ፎልስ ቁጥር 2 የእጅ መሰርሰሪያ ላይ ሐሳቡ መልክ ያዘ። ትልቅ ጥርስ ያለው ጎማ በጎን ተተክሎ በመዘውር ይዞራል፤ ጎማው ትንሿን ጥርስ ያዞራል፣ ትንሿ ጥርስ የፑንታውን ዘንግ ታፈጥናለች። በኋለኞቹ ስሪቶች ከላይ በኩል ሁለተኛ ትንሽ ጥርስ ተጨመረች፤ ሥራዋ ማዞር ሳይሆን ትልቁ ጎማ በግፊት እንዳይንጋደድ ሚዛኑን መጠበቅ ነው። የእንጨቱ እጀታ ውስጡ ተቦርቡሮ ክዳን ተደረገለት፤ ፑንታዎቹ እዚያ ገቡ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የንድፉ ጥበብ ያለው እዚህ ነውና። እጀታን መቦርቦር ማዳከም ነው። አናጢው በሙሉ ክብደቱ የሚጫነው በዚያ እጀታ ላይ ስለሆነ ግድግዳው ከቀጠነ ይሰነጠቃል፤ ከወፈረ ደግሞ መዳፍ አይጨብጠውም ወይም ውስጡ ፑንታ አይይዝም። ያዳናቸው ግፊቱ በእጀታው ርዝመት መሄዱ ነው፤ እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲጫኑት ብርቱ ነው። ሁለተኛው ጣጣ ክዳኑ ነው። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊሌቶ ሲከፈትና ሲዘጋ ቶሎ ይበላል፣ አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፤ የብረት ክዳን ለዚህ ይሻላል። ሦስተኛው ግን በእንጨት አልተፈታም። ስምንት ፑንታ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል እርስ በርስ ይጋጫል፣ የስለት ጫፉ ይደንዛል፤ አንዱን የፈለገ ሰው ሁሉንም መዳፉ ላይ ዘርግፎ በዓይኑ ይለካል። መሰላል ላይ የቆመ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከስምንቱ አንዱ መሬት መድረሱ አይቀርም። ማለትም ውስጠ ክፍት እጀታ የማከማቸትን ችግር ሲፈታ የመምረጥን ችግር ሳይፈታ ተወው።

መልሱ የመጣው ከሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። በ1888 ሼልበርን ፎልስ ከተማ አልበርትና ሄንሪ ጉዴል የተባሉ ወንድማማቾች የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ግሪንፊልድ ተዛወሩ፤ ከዊልያም ፕራት ጋር በተያያዘው ስም ጉዴል-ፕራት ተብሎ የታወቀው ኩባንያ መነሻው ይህ ነው። ከሥራዎቻቸው አንዱ የግፊት መሰርሰሪያ ነበር። መዘውር የለውም፣ ጥርስ ያለው ጎማ የለውም። ረጅም የብረት እጀታ ነው፤ ከውስጡ ጥምዝ ቦይ የተቆረጠበት ዘንግ አለ። እጀታውን ወደ ታች ሲገፉት ቦዩ ዘንጉን ያሾራል፤ ሲለቁት ሞላው መልሶ ይገፋዋል፣ ዘንጉም ወደ ኋላ ይሾራል። አንድ እጅ ይበቃዋል።

ፊላዴልፊያ ውስጥ ደግሞ ኖርዝ ብራዘርስ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ የአይስክሬም መሥሪያ እየሠራ የሚታወቅ። ዛካሪ ፈርቢሽ የተባለው የሜይን ሰው በጥምዝ ቦይ ስለሚዞር ካቻቢቴ ያወጣው ፓተንት ወደዚህ ኩባንያ መጥቶ ያንኪ የሚል ስም ላላቸው መሣሪያዎች መሠረት ሆነ። ከእነዚህ አንዱ ያንኪ ቁጥር 41 የግፊት መሰርሰሪያ ነው፤ በእኔ ግምት ፑንታን በእጀታ ውስጥ የማኖር ሐሳብ ከሁሉ የበሰለው በእርሱና በጉዴል መሣሪያዎች ላይ ነው።

ያንኪ ቁጥር 41 ስምንት ፑንታ ይይዛል። ትንሹ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 4.4 ሚሊ ሜትር ግድም፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ። እጀታው አንድ ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ በየራሳቸው ክፍል የሚያድሩበት ቤት ሆነ። አከፋፈቱ እንደየሠሪው ይለያያል፤ በአንዳንዱ ክዳኑ አንዲት ቀዳዳ አለችው፣ ክዳኑን እያዞሩ ቀዳዳዋን ከሚፈለገው ክፍል ትይዩ ሲያደርጉና መሣሪያውን ሲዘቀዝቁት አንዲት ፑንታ ብቻ መዳፍ ላይ ትወርዳለች። በሌላው የእጀታው ውጫዊ ቱቦ ይንሸራተትና ስምንቱም በሰልፍ ቆመው ይታያሉ። በሁለቱም ዘዴ መዘርገፍ የለም፣ መጋጨት የለም፣ ልክን በዓይን መገመትም የለም።

ፑንታዎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ሞርስ ከደከመበት ጥምዝ ቦይ አንዱም የለባቸውም። በጎናቸው የወረደው ቦይ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። ምክንያቱም የግፊት መሰርሰሪያ ልክ እንደ ግብፃውያኑ ቀስት ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይሾራል፤ ጥምዝ ቦይ ብናኝ የሚያወጣው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ነው፣ ወደ ኋላ ሲዞር ትርፉ ይጠፋል። ቀጥ ያለው ቦይ ግን በሁለቱም ያው ነው፤ ሞላው መሣሪያውን በመለሰ ቁጥርም ሠራተኛው ፑንታዋን ሳብ አድርጎ ብናኙን ማውጣት ይችላል። መያዣውም ባርበር ያሰበው ዓይነት መንጋጋ አይደለም። የየፑንታዋ ጅራት በአንድ ወገን ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ጎኗ ላይም ትንሽ ንክሻ አላት፤ የአፉን ቀለበት በጣት ሳብ አድርጎ ፑንታዋን ማስገባት፣ ቦታዋን እስክታገኝ ማዞር፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ሁሉም ጅራት አንድ ልክ ነው። እጀታው ውስጥ መኖር የፑንታዋን ርዝመት ወሰነ፣ ውፍረቷን ወሰነ፣ ብዛቷን ወሰነ፤ የመሰርሰሪያው አሠራር ደግሞ የቦይዋን ቅርጽ። እጀታው ለመሣሪያው የተጨመረ ኪስ ሳይሆን የንድፉ መነሻ ሆነ ማለት ነው።

ሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። አናጢው ማጠፊያውን በግራ እጁ ከበሩ መቃን ጋር ይይዛል። ቀኝ እጁ መሰርሰሪያውን ይዟል። ጫፉን በማጠፊያው ቀዳዳ መሐል ያሳርፍና ይገፋል፣ ይለቃል፣ ይገፋል። ጥቂት ግፊት፤ ቀዳዳው አለቀ። ማጠፊያው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይህን ባለ ክርን መሰርሰሪያ አይችለውም፣ ባለ መዘውሩም አይችለውም፤ ሁለቱም ሁለት እጅ ይፈልጋሉና።

ስለዚህም መሣሪያውን አጥብቀው የያዙት ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሠሩ ሰዎች ሆኑ። ከእነርሱ ውስጥ የስልክ ገመድ ዘርጊዎችን ማንሳት የግድ ነው። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የሆነው የቤል ሲስተም ሠራተኞች የስልክ ሣጥን ግድግዳ ላይ ለማሰር፣ ገመዱን በመቃን በኩል ለመያዝ በየቀኑ ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳ ይበሱ ነበር። የኩባንያው ስም የተቀረጸባቸው የግፊት መሰርሰሪያዎች ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ። ወገብ ላይ ከሚታሰር የቆዳ ኪስ የሚገባ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በሆዱ የያዘ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነበር።

ከዚህ በኋላ የኩባንያዎቹ ታሪክ ፈጠን ብሎ ያልፋል። በ1931 ሚለርስ ፎልስ ከጉዴል-ፕራት ጋር ተዋሐደ፤ የቆዩ ተቀናቃኞች አንድ ቤት ገቡ። በ1946 ስታንሊ ኖርዝ ብራዘርስን ገዛ፤ ያንኪ የሚለውን ስም ግን አልጣለውም፣ የግፊት መሰርሰሪያውም በስታንሊ ስም ተመርቶ ለብዙ ዓመታት ተሸጠ። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ሚለርስ ፎልስ እንጨቱን ትቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው መሣሪያዎች አወጣ። በ1962 ኩባንያው ራሱ በኢንገርሶል-ራንድ ተገዛ።

ፑንታ በእጀታው የሚይዘውን መሰርሰሪያ ከገበያ የገፋው ኤሌክትሪክ ነው፤ የመጣው ግን በዝግታ ነበር። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፓተንት በ1889 ሜልቦርን ውስጥ ለአርተር አርኖትና ለዊልያም ብላንች ብሬን ተሰጠ። በ1895 ሽቱትጋርት የሚገኘው የፋይን ኩባንያ በእጅ የሚያዝ ሠራ። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1917 የሽጉጥ እጀታና ቃታ ያለውን በፓተንት አስመዘገበ፤ እስከዛሬ የምናውቀው ቅርጽ ያ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የፋብሪካ ዕቃዎች ነበሩ። ተራው አባወራ የኤሌክትሪክ ድሪል የገዛው ብላክ ኤንድ ዴከር በ1946 በ16.95 ዶላር ለቤት የሚሆን ሲያወጣ ነው። በ1961 ደግሞ በባትሪ የሚሠራው ተከተለ።

ለፑንታ ማደሪያ ይህ ለውጥ ክፉ ዜና ነበር። የሽጉጡ እጀታ ውስጥ መጀመሪያ ቃታውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ገባ፣ በኋላ ደግሞ ባትሪው። ስምንቱ ክፍሎች የነበሩበት ቦታ በሌላ ተያዘ። ፑንታዎቹም ተባረው ወደ ፕላስቲክ ሣጥን፣ ወደ ኪስ፣ ወደ ባዶ የቆርቆሮ ዕቃ ተመለሱ። አምራቾች በድሪሉ ጎን አንድና ሁለት ጫፍ የሚነክስ ቅንጥብ ሲያደርጉ የሚታየው የጎደለውን ለመሙላት ነው። የእጀታውን ሐሳብ በሙሉ የወረሰው ካቻቢቴ ነው፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ጫፎች በእጀታው የሚይዝ ካቻቢቴ በየዕቃ መደብሩ አለ፣ የኮምፒውተር ጠጋኝም የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ይይዘዋል።

ባለ መዘውሩ የእጅ መሰርሰሪያም፣ የግፊቱም አልሞቱም። ክራርና ጊታር የመሰሉ የሙዚቃ መሣሪያዎችን የሚሠሩ፣ ሞዴል መርከብ የሚገጣጥሙ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚያድሱ ሰዎች ለስስ እንጨት ከሞተር ይልቅ እጅን ያምናሉ፤ ለግፊት መሰርሰሪያ የሚሆኑ ቀጥ ያለ ቦይ ያላቸው ፑንታዎችም ዛሬ ተመርተው ይሸጣሉ። አዲስ የእጅ መሰርሰሪያ የሚነድፍ ሰው ግን የጉዴል ወንድማማቾች ያላጋጠማቸው አንድ ችግር ይጠብቀዋል። አሁን በብዛት የተለመደው የፑንታ ጅራት ባለ ስድስት ጎን ሲሆን ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጫፏ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ፑንታ እንኳ በዚያ ወፍራም ጅራት ላይ ትቆማለች። ስምንቱን ዙሪያውን በክብ ለማሰለፍ የክፍሎቹ ግድግዳና የእጀታው ቆዳ ሲጨመርበት ከ30 ሚሊ ሜትር ያለፈ ውፍረት ያስፈልጋል፤ በዚህ ልክ ለትንሽ እጅ መጨበጥ ይከብዳል። ንድፍ አውጪው ወይ ቁጥሩን ወደ አምስትና ስድስት ያወርዳል፣ ወይ በክብ ጅራት ወደሚሠሩት ቀጫጭን ፑንታዎች ይመለሳል፤ ክብ ጅራት ካለ ደግሞ መንጋጋ ያስፈልጋል፣ ያኔ መያዣውን የሚያገኘው በ1864 ባርበር ከጀመረው መንገድ ላይ ነው።